ሁለት ጓንት ያላት

በ1993 ዓ.ም. ክረምት፣ ከአገሬ ርቄ በምሠራበት አንድ ሆስፒታል፣ የወንዶች ዋርድ ጥግ ላይ አንድ የስማዳ ሰው ተኝቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ሁመራ ሦስት ዓመት ተመላልሶ፣ በአራተኛው ታሞ ተመለሰ። ጎኑን አልማዝ ባለጭራ ወሮታል፤ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ጋግሯል፤ ተቅማጡ አልቆም ብሎ ከሰውነቱ የቀረው አጥንትና ዓይን ነው። ቻርቱ ላይ «አር ቪ አይ» ተብሎ ተጽፏል። የበሽታው ስም በግልጽ እንዳይታይ እንጽፈው የነበረ ምልክት ነው፤ ነገር ግን ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዘበኛው ትርጉሙን የማያውቅ አልነበረም።

የምታስታምመው ታላቅ እህቱ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሆስፒታል ስትገባም የመጀመሪያዋ ነበር። ጠዋትና ማታ በፕላስቲክ ሳፋ ውኃ ትቀዳለች፣ ገላውን ታጥባለች፣ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ትቀይራለች፣ የቆሰለ ጎኑን ታብሳለች። ሁሉንም በባዶ እጇ። እኔ የሙቀት መለኪያውን ብብቱ ሥር ሳደርግ አንድ ጓንት አጥልቄ፣ በላዩ ሌላ ደርቤ ነበር። ሙቀት ለመለካት አንዱም አያስፈልግም።

አንድ ቀን ጠዋት የእህትየዋ አውራ ጣት በጨርቅ ተቋጥሮ አየሁ። ከቤት ስትነሣ ለከብት ሣር ስታጭድ ማጭድ ቆርጧት ኖሯል። ቁስሉ አልደረቀም። በዚያው ጣቷ የወንድሟን ቁስል እያበሰች ቀና አለችና «ሲስተር» አለችኝ፤ «እጅሽ ላይ ካለው ላስቲክ አንድ አይገኝልኝም? የእኔ እጅ ሻካራ ነው፤ ስነካው ያመዋል። ያንቺ ለስላሳ ይመስላል።»

ጓንቱን የፈለገችው ለራሷ አልነበረም።

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለአስታማሚ አይሰጥም» አልኳት። ሁለቱንም እንዳጠለቅሁ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ። ሰውየው ከሳምንት በኋላ ዐረፈ። እሷ ሳፋውን አጥባ፣ ጨርቁን ጠቅልላ፣ ዋርዱ ውስጥ ላገኘችው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ወጣች። ምን እንደ ሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ በተወለድኩበት በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት ጉና በጉም ተሸፍኖ ሳየው፣ ከጋይንትና ከስማዳ የሚመጡ መንገደኞች በበራችን ሲያልፉ፣ ያቺን ሴት እፈልጋለሁ። ዛሬ ባገኛት እንኳ ፊቷን የማውቀው አይመስለኝም። የማስታውሰው ጣቷን ነው። ከዚያ ጣት ጋር አብሮኝ የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ሰው የሚያውቀው ነገር ለምን እጁ ላይ ሳይደርስ ይቀራል?

አላውቅም ነበር ብል ሐሰት ነው። በአገራችን ኤች አይ ቪ መኖሩ የተረጋገጠው በፈረንጆች 1984 ከተወሰደ ደም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1986። እኔ ያን ጓንት ስደርብ ነገሩ ከታወቀ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። አገሪቱም በ1990 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ አውጥታ ነበር። በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ በሥልጠና ደግሜዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ይተላለፋል። በመጨባበጥ አይደለም፤ በላብ አይደለም፤ በጠላ መጠጫ ጣሳ አይደለም። ቫይረሱ ባለበት ደም የተነካ መርፌ አንድ ሺህ ጊዜ የጤና ሠራተኛን ቢወጋ፣ በሽታው የሚይዘው ሦስቱን ያህል ብቻ እንደ ሆነም አውቅ ነበር። የተቆረጠ ጣት የሰው ቁስል ማበስ እንደሌለበትም እንዲሁ።

እንግዲህ ዋርዱ ውስጥ ስለ በሽታው ከማንም በላይ የማውቀው እኔ፣ ምንም የማታውቀው እሷ ነበረች። እውቀቴ ግን እኔን በእጥፍ ሲሸፍን እሷን ጣቷ ላይ ያለውን ጨርቅ ያህል እንኳ አልጠቀማትም።

ለብዙ ዓመታት «ፈርቼ ነው» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ፍርሃት የሰው ነው፤ ወጣት ነበርኩ፤ ጓንትም በቁጥር ነበር የሚታደለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይህን ምክንያቴን ያፈርስብኛል። በዚያው ዋርድ፣ ከሰውየው በሦስተኛው አልጋ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ የጉበት በሽተኛ ተኝቶ ነበር። ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው ነው። የጉበት ቫይረስ፣ በተለይ ቢ የሚባለው፣ ክትባቱን ላልወሰደ ሠራተኛ በመርፌ የመተላለፍ ዕድሉ ከመቶ እስከ ሠላሳ ይደርሳል። ያኛውን ከሺህ ሦስት፣ ይህኛውን ከመቶ ሠላሳ በሉት። እኛ ደግሞ አልተከተብንም። በስሌት ከሆነ ልሸሸው የሚገባኝ እሱን ነበር። እኔ ግን ግንባሩን በባዶ እጄ ዳሰስኩ፤ ትራሱን አስተካከልኩ፤ «እግዜር ይማርህ» አልኩት።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጓንት ያስለበሰኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ፍርድም ነበረበት። ለጉበት በሽተኛው አዘንኩለት፤ ለስማዳው ሰው ግን «የዘራውን ነው» የሚል አንድ ድምፅ ውስጤ ተቀምጦ ነበር። ፍርሃትን እውቀት ያባርረዋል። መርፌው ከሺህ ስንት ጊዜ እንደሚያስተላልፍ ስታውቅ ልብህ ይረጋል። ፍርድ ግን ቁጥር አይሰማም። ሊቅም ይፈርዳል፤ ፕሮፌሰርም ይፈርዳል። ለፍርድ መድኃኒቱ ንስሐ ነው፤ ንስሐን ደግሞ በሥልጠና አዳራሽ ማንም አልሰጠንም።

ይህን ለማየት አማርኛችን ራሱ በቂ ነው። «መጠየቅ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንዱ መረጃ መሻት ነው። ሌላው የታመመን ሰው ማየት፣ አልጋው አጠገብ መቀመጥ፣ «እንዴት አደርክ» ማለት ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በመጨረሻው ቀን የሚቆጥርልን ይህን ሁለተኛውን መጠየቅ ነው። እኔ ያን ሰው በገባ ዕለት ጠይቄዋለሁ። «ከየት አመጣኸው? ከስንት ሴት ጋር ነበርክ?» አልኩት፤ እህቱ እየሰማች። ለሕክምናው የሚያስፈልግ ጥያቄ አልነበረም፤ ያኔ የምንሰጠው የቫይረሱ መድኃኒት አልነበረንምና መልሱ ምንም አይለውጥም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያች ቀን በኋላ ወደ እኔ ዞሮ አልተናገረም። የበሽተኛ ጠያቂ መሆን ሲገባኝ የወንጀል ጠያቂ ሆንኩበት።

«ይማርህ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ለታመመ ሰው «ይዳን» ስንል፣ ለበደለ ሰው «ይቅር ይበለው» ስንል፣ ለሞተም ሰው «ነፍስ ይማር» ስንል የምንጠራው ያንኑ ምሕረት ነው። አባቶቻችን መዳንን ከመማር ስላልለዩ፣ አልጋ ላይ ያለውን ሰው ማንም ከመመርመሩ በፊት ከምሕረት ሥር አስቀምጠውታል። እኔ ያን ሰው በሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ «ይማርህ» አላልኩትም። ከአፌ አልወጣ አለኝ። በቃሉ ውስጥ ይቅርታ እንዳለ ልቤ ያወቀ ይመስለኛል።

ክረምቱ ወጥቶ በመስከረም ለዕረፍት ወደ እስቴ መጣሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ጓንት እጥረት እያማረርኩ ነገሩን እንደ ዋዛ አነሣሁት። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ስንት አድርጌ ነበር አልሽ?»

«ሁለት፣ አባባ።»

«ልጅቷስ?»

«ምንም።»

ቆየት ብለው «ሕዝቡ ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ምን እንደ መለሰላቸው ታስታውሻለሽ?» አሉኝ። ልጅ ሳለሁ እሳቸው ሲያነቡ የሰማሁት ነው። ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3፤ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል የሚለው። «እሱ ስለ ልብስ ነው» አልኩ። አባቴ እሳቱን ቆሰቆሱና ሌላ ወሬ አነሡ። ደግመው አላነሡብኝም። ባነሡብኝ ኖሮ እከራከር ነበር፤ ዝም ስላሉ ግን እስከ ዛሬ አለሁበት።

እኛ ነርሶች «ከየት አመጣኸው?» ብለን የጠየቅነውን ጥያቄ ደቀ መዛሙርቱም ጠይቀዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ፣ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ነው ያሳሰባቸው፤ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ጌታ የጥያቄውን በር ዘጋና ምራቁን ከአፈር ለውሶ የሰውየውን ዓይን ቀባ። ነርስም በነጭ ልብሷ ለበሽተኛ ካህን ትመስላለች። የማይነገረውን ትሰማለች፤ የማይታየውን ታያለች፤ ፊቷን ብታጠቁር ከመቅደስ የተባረረ ያህል ይሰማዋል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ነው። በምዕራፉ መጀመሪያ ሁለት ፈውሶች ተከታትለው ተጽፈዋል። መጀመሪያ አንድ ለምጻም ይመጣል። በኦሪት ሕግ ለምጻም ከሰፈር ውጭ የሚኖር፣ የማይነካ ነው። ጌታ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፤ ከዚያ በኋላ ነጻ። ቀጥሎ የመቶ አለቃው ብላቴና ታሞ እንደ ተኛ ይነገረዋል። ይህን ከሩቅ፣ በቃል ብቻ ፈወሰው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጣቸው ወንጌላዊ አንድ ነገር ያስተምረናል። ለመፈወስ መዳሰስ ግዴታ አልነበረም፤ ቃል ይበቃ ነበር። ለምጻሙን የዳሰሰው እንግዲህ ለበሽታው ብሎ አይደለም። ስንት ዓመት የሰው እጅ ላልነካው ሰው ብሎ ነው። የዳሰሰውም ከነጻ በኋላ አይደለም፤ ገና ለምጻም ሳለ ነው። እኔና ባልደረቦቼ ያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረንም፤ በዚህ ማንም አይከሰንም። እጅ ግን ነበረን።

ለምጽን ካነሣሁ፣ ልጅ ሳለን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበሩ። ሰው ሳንቲም ከሩቅ ይወረውርላቸዋል። ምጽዋት ነው፤ ግን ርቀቱም አብሮ ይሰጣቸዋል። ዛሬ የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን፣ ሕክምና የጀመረ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማያስተላልፈው በሽታ ሆኗል። መድኃኒቱ ግን ሰዉ ልብ ውስጥ ያለውን ርቀት አላዳነውም፤ ከአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። ኤች አይ ቪ ሲመጣ ቦታው ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

በ1999 ዓ.ም. ተራው የእኔ ሆነ። በሌላ የጤና ተቋም ደም ቀድቼ፣ ማድረግ የማይገባኝን አደረግሁ፤ መርፌውን ወደ ክዳኑ ልመልስ ስል የግራ አመልካች ጣቴን ወጋኝ። የታካሚዋ ደም ቫይረሱ እንዳለበት አውቃለሁ። በሳሙናና በውኃ ታጠብኩ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ መከላከያ መድኃኒቱን ጀመርኩ። መድኃኒቱ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ያቅለሸልሻል፤ ራስ ያዞራል። የሚከብደው ግን ክኒኑ አይደለም። በስድስተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር እየተመረመሩ መጠበቁ ነው። ከሺህ ሦስት የሚለውን ቁጥር እንደ ጸሎት እደግመው ነበር። ሌሊት ላይ ሦስቱ ከሺሁ ይበልጡብኛል።

ያን ጊዜ ነው ሁለቱን መጠየቅ በገዛ ሥጋዬ የለየሁት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እውነት መርፌ ነው ግን?» አለችኝ። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ነበርና ሌላ ነገር አስባ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሳዞር የስማዳው ሰው ትዝ አለኝ፤ ግድግዳው አንድ ዓይነት ነው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደግሞ በኤአርቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክፍል የምትሠራ አማካሪ ቤቴ መጣች። እሷ ራሷ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ያለ፣ በሽተኞች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ የምትረዳ ሴት ነበረች። እንደ እሷ ያሉትን ሆስፒታል ውስጥ ስንቀጥር አንዳንዶቻችን ሻይ አብረናቸው ለመጠጣት እንኳ ተግደርድረን ነበር። በትንሽ ፔርሙስ አጥሚት ይዛ መጣች። ስለ መርፌው አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። «እታለም፣ በባዶ ሆድሽ እንዳትወስጂው። እራት በልተሽ፣ ልትተኚ ስትይ ዋጪው፤ ማቅለሽለሹን እንቅልፍ ይወስደዋል» አለች። በኮርስ ያልተማርኩትን በሽተኛ ብዬ የማያት ሴት አስተማረችኝ። አጥሚቱን በአንድ ኩባያ ጠጣን፤ ሌላው ኩባያ አልታጠበም ነበርና። ከስድስት ወር በኋላ ውጤቴ ነጻ ነው ተባልኩ። ሰባኪ ብሆን ኖሮ ከዚያ ኩባያ በላይ ስብከት አላገኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃትን አልንቅም። የሚፈራ ሠራተኛ ኃጢአተኛ አይደለም። ልጅ ያለው፣ ትዳር ያለው ሰው ነው፤ ጓንት ሳይሰጡት ጀግና ሁን ማለት ግፍ ነው። በ2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን በ18 የጤና ተቋማት፣ 255 ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ስለ በሽታው ጠለቅ ያለ እውቀት ያላቸው፣ ከመሥሪያ ቤታቸው ድጋፍ የሚያገኙ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በሚሰጥበት ተቋም የሚሠሩና ብዙ ሕሙማንን የሚያዩ ባለሙያዎች ማግለላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔ ያየሁትም ይህንኑ ነው። እጅ የሚፈታው ብቻውን አይደለም። የሚያውቅ አእምሮ፣ ጓንቱን የሚያቀርብ መጋዘን፣ ደጋግሞ የሚታይ የሰው ፊት ያስፈልገዋል።

መድኃኒቱም ረዳን። በ1995 ዓ.ም. በክፍያ ተጀምሮ፣ ከጥር 1997 ዓ.ም. ወዲህ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ በቃሬዛ የገባ ሰው በእግሩ ሲወጣ ማየት ጀመርን። ሞትን ብቻ ስናይበት የነበረው ክፍል ሰው ለቀጠሮ የሚመጣበት፣ የልጅ ስም የሚነገርበት ሆነ። ከ2005 ዓ.ም. በኋላ ነፍሰ ጡሮች ሲዲ ፎር የተባለው የደም ምርመራ ሳይጠበቅ በተመረመሩበት ቀን መድኃኒት እንዲጀምሩ ተደረገ፤ ጥቂት ቆይቶ ይህ ለሁሉም ሆነ። በአውሮፓ በ14 አገሮች፣ አንደኛው ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶች ተጠንተው በፈረንጆች 2016 ውጤቱ ሲወጣ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ከሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ከማይታይ ሰው ወደ ፍቅር ጓደኛው የተላለፈበት አንድም አልተገኘም። በአንድ አልጋ ሲኖሩ ያልተላለፈ በሽታ በሙቀት መለኪያ ይተላለፋል ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ፣ ችግሩ ያለው ፍርሃቱ ላይ አይደለም።

ስለ ጸበልም መናገር አለብኝ፤ በእኛ አገር ይህ ካልተነሣ ነገሩ ሙሉ አይሆንም። ብዙዎች መድኃኒታቸውን ጥለው ጸበል ገብተዋል፤ ከነሱም ደክመው ተመልሰው የተቀበልኳቸው አሉ። አንዳንድ ባልደረቦቼ በነዚህ ሰዎች ላይ ይጮሁባቸው ነበር። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ለምን እንደ ሄዱ አውቃለሁ። ጸበሉ ቦታ «ከየት አመጣኸው» ያላቸው የለም። ውኃው የወረደው በሁሉም ላይ እኩል ነው። እኛ ዘንድ ያጡትን ፍለጋ ነው የሄዱት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ በይፋ ሲናገሩ፣ አባቴ መጽሐፈ ሲራክን ጠቅሰው ሐኪምን ያከብር ዘንድ የታዘዘው ምእመን ነው አሉ። ካህናቱ የድርሻቸውን ተናገሩ። የእኛ ድርሻ ሰው ከእኛ ሸሽቶ እንዳይሄድ ማድረግ ነበር።

አሁን ወደ ጓንቱ ልመለስ። ጓንት አይለበስ አልልም። ደም፣ መግል፣ የቆሰለ አካል ሲነካ ጓንት ግዴታ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ቃል አለው፤ «ለሁሉም»። ማን ቫይረሱ እንዳለበት በፊት አይታወቅምና የሁሉም ሰው ደም አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ይገባዋል። ይህን በሥልጠና ስሰማ የንጽሕና መመሪያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሃይማኖት ትምህርት ነው። እግዚአብሔር ዝናቡን ለጻድቁም ለኃጥኡም እንደሚያዘንም ሁሉ፣ ጥንቃቄም የሰው ስም ሳይመርጥ መዝነብ አለበት። ከቄሱ ደም ጋር ስገናኝ የማላጠልቀውን ጓንት ለቀን ሠራተኛው ካጠለቅሁ፣ ራሴን ከበሽታ እየጠበቅሁ አይደለም። ቄሱን አምኜ ሠራተኛውን ፈርጄበታለሁ። ደግሞም ሞኝነት ነው፤ የቄሱን ደም አልመረመርኩትም።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተስተካክሏል ብዬ አላሳስትም። የሕሙማኑ አልጋ ላይ ይደረግ የነበረው ምልክት ቀርቷል። አሁንም ያለው ስውሩ መገለል ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ስለዚህ የመካነ ኢየሱስ ሰው መድኃኒቱን ደብረ ታቦር ሄዶ ይወስዳል፤ የደብረ ታቦሩ ባሕር ዳር ይሄዳል። አንዱ ሌላው አገር ሲሸሽ መኪና ላይ ይተላለፋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ተረቱ፤ ተረቱ ግን የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። እንዲደብቅ ያደረገውን ጆሮና አፍ የሚወቅስ ተረት ቢኖር ለእኛ ለነርሶች ይሆን ነበር። የንስሐ አባት የሰማውን ይዞ መቃብር ይወርዳል። ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰውም እንዲሁ መሆን አለበት፤ እሱም የሰው ምሥጢር ተቀምጦበታልና።

«ሲስተር» የሚለው መጠሪያ እህት ማለት እንደ ሆነ የተማርኩት ነርስነት ከመማሬ በፊት ነው፤ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። ከዚያ ሰው አልጋ አጠገብ ሁለት እህቶች ነበርን፤ አንዷ በመወለድ፣ አንዷ በማዕረግ። በመወለድ እህት የሆነችው ከእጇ ሻካራነት ሌላ የምታፍርበት አልነበራትም። አገሬም መካነ ኢየሱስ ናት፤ የኢየሱስ ስፍራ። ልጅ ሳለሁ ስፍራው ታቦቱ ያለበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በማቴዎስ 25 ጌታ ራሱን ከታመመው ጋር ቆጥሮ ካስቀመጠ፣ ያ የዋርድ ጥግም መካነ ኢየሱስ ነበረ፤ እኔም ሁለት ጓንት አጥልቄ በዚያ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ከሠፈራችን አንዲት ልጅ ስትሮጥ መጣች። አሮጊት እናቷ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ቆስሎ ይመግላል። ሳጥኔ ውስጥ ጓንት አላጣም፤ ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ውኃ አሙቃ በሳፋ አቅርባለች። አንዱን ጥንድ ስሰጣት ወደ ኋላ አለች።

«እታለም፣» አለች ድምፅዋን ቀንሳ፣ «እናቴ ያ በሽታ አለባት እንዴ?»

«የሚጠበቀው ከቁስል ነው፤ ከእናትሽ አይደለም» አልኳት። «ለቁስል ሁሉ ይደረጋል። ለእኔም ቢሆን ታደርጊልኛለሽ።»

እጇን አገላብጬ አየሁ፤ ጣቶቿ ደህና ናቸው። እኔ አንድ ጥንድ፣ እሷ አንድ ጥንድ አደረግን። አሮጊቷ እግራቸውን ወደ ሳፋው ሲያስገቡ «እግዜር ይማርዎ፣ እማማ» አልኩ። ልጅቷ ውኃውን ታፈሳለች፤ እኔ ቁስሉን አጥባለሁ።